ሂት ፓምፑን አትውቀሱ፣ የውሃውን ሙቀት ዝቅ አድርጉ

እጃችሁን ፍሪጅ ጀርባ አስገብታችሁ ታውቃላችሁ? ይሞቃል። ያ ሙቀት ውስጥ ካለው ምግብ የተወሰደ ነው፣ በላዩ ላይ ሞተሩ የበላው ኤሌክትሪክ ተጨምሮበት። ሂት ፓምፕ የሚባለው የቤት ማሞቂያ ማሽንም ይኸው ነው። ፍሪጅ ምግቡን ሊያቀዘቅዝ ሙቀቱን ወደ ኩሽና ይተፋል፤ ሂት ፓምፕ ደግሞ ቤቱን ሊያሞቅ የውጭውን አየር ያቀዘቅዛል። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር፣ ሁለቱ የቱቦ መረቦች፣ በውስጣቸው የሚዞረው ጋዝ፣ ማስፋፊያ ቫልቩ፣ ሁሉም አንድ ነው። የሚለየው እኛ የምንፈልገው ጎን ብቻ ነው።

ስለዚህ "1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በልቶ 3 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል" ሲባል ማጭበርበር የለበትም። ምድጃ ሙቀትን ይፈጥራል፣ ሂት ፓምፕ ግን ተሸካሚ ነው። ሁለቱ ኪሎዋት ከውጭ የመጣ ነው፣ አንዱ የተሸካሚው ጉልበት። 0 ዲግሪ አየር ውስጥም ሙቀት ሞልቷል፤ ከፍጹም ቅዝቃዜ መቁጠር በሚጀምረው በኬልቪን መለኪያ 273 ነው። ጋዙ ከአየሩ የባሰ እስከቀዘቀዘ ድረስ ሙቀቱ ወደ ጋዙ መሄዱ አይቀርም። የተገኘው ሙቀት ለተበላው ኤሌክትሪክ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ሲኦፒ ይባላል። ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው ስለዚህች ቁጥር ነው።

ካታሎግ ላይ "ሲኦፒ 4.5" የሚል አይታችሁ ደስ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ከጎኑ "ኤ7/ደብሊው35" የሚል ነገር ይኖራል። የውጭው አየር 7 ዲግሪ፣ ማሽኑ አሙቆ ወደ ቤቱ የሚልከው ውሃ 35 ዲግሪ ሆኖ ተለካ ማለት ነው። የእናንተ ቤት ራዲያተር (ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የክፍል ማሞቂያ) 60 ዲግሪ ውሃ የሚፈልግ ከሆነ፣ ውጭው ደግሞ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ያ ቁጥር እናንተን አይመለከትም።

ለምን? ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ አስቡ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ለአንድ ባልዲ ውሃ የሚወጣው ጉልበት ይጨምራል። እዚህ ጥልቀቱ በሁለቱ ሙቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሙቀቱን ከየት አንስቶ እስከ የት ነው ሽቅብ የሚሸከመው? ይህን በወረቀት ማስላት ይቻላል፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 ካሳተመው ሐሳብ የመጣ ነው። የሚፈለገውን ሙቀት በኬልቪን ጻፉ፣ ማለትም በሴንቲግሬድ ላይ 273 ደምሩ። ከዚያ ለልዩነቱ አካፍሉት።

ውጭው 0፣ ውሃው 35 ከሆነ 308 ለ35፣ ማለትም 8.8 ገደማ ይመጣል። ውሃው 55 ከሆነ 328 ለ55፣ ማለትም 6 ገደማ። ይህ ማንም ማሽን የማያልፈው ጣሪያ ነው። ጥሩ ማሽኖች የጣሪያውን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያገኛሉ ብላችሁ ብታሰሉ ከእውነታው ብዙ አትርቁም። እንግዲህ በ35 ዲግሪ ውሃ ከ3.5 እስከ 4.4፣ በ55 ደግሞ ከ2.4 እስከ 3። ያው ማሽን፣ ያው ቀን፣ ያው ቤት። የተለየው የውሃው ሙቀት ብቻ ነው።

በአፍ የሚያዝ ሕግ ከፈለጋችሁ፣ የውሃውን ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ከ2 እስከ 3 በመቶ ኤሌክትሪክ ታተርፋላችሁ። ብዙ ሰው ግን የትኛው ብራንድ ይሻላል ብሎ ሲከራከር ይውላል። ለእኔ ብራንዱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ቤታችሁ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያፈስ ማወቅ ነው። ሻጩ የቤቱን ስፋት ጠይቆ ብቻ "12 ኪሎዋት ያስፈልግሃል" ካለ አትመኑት። በነዳጅ ወይም በጋዝ ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ካላችሁ ቆጣሪው ራሱ ይነግራችኋል። ለምሳሌ ውጭው ቀኑን ሙሉ 0 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ በዋለበት ቀን፣ ቤቱ 20 ዲግሪ ሆኖ፣ ለማሞቂያ ብቻ 100 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ተቃጠለ እንበል። የቦይለሩ ብቃት 90 በመቶ ከሆነ ቤቱ ውስጥ የገባው 90 ነው። ለ24 ሰዓት አካፍሉት፣ 3.75 ኪሎዋት። ያን ጊዜ የውስጥና የውጭ ልዩነት 20 ዲግሪ ነበር። የክረምቱ እጅግ ቀዝቃዛ ቀን ከዜሮ በታች 8 የሚደርስ ከሆነ ልዩነቱ 28 ይሆናል፤ 3.75 ሲባዛ በ28 ሲካፈል ለ20፣ 5.25 ኪሎዋት። ያ 12 ኪሎዋት የተባለው ከየት መጣ ታዲያ?

ለጥንቃቄ ተብሎ ትልቅ መግዛት ቦይለር ላይ ብዙም አይጎዳም። ሂት ፓምፕ ላይ ግን ይጎዳል። ዘመናዊዎቹ ኢንቨርተር ስላላቸው የኮምፕረሰሩን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፣ ነገር ግን ወለል አለው። ከዚያ በታች መውረድ ሲያቅተው መነሳትና መጥፋት ይጀምራል። በየ10 ደቂቃው የሚነሳና የሚጠፋ ማሽን ኤሌክትሪክም ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ጣሪያውን በሙቀት መከላከያ ማልበስ፣ የመስኮት ክፍተት መድፈን የሚቻል ከሆነ ከማሽኑ በፊት ይደረግ። ያኔ ማሽኑም ያንሳል፣ የሚፈለገው የውሃ ሙቀትም ይወርዳል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ሁለተኛው ሥራ ምንም ወጪ የለውም፣ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው። አሁን ባላችሁ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ቀን ጠብቃችሁ የሚወጣውን ውሃ ሙቀት 50 አድርጉት። ቤቱ ከሞቀ 45 ሞክሩ። በቃ፣ ቤታችሁ ለሂት ፓምፕ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን በሁለት ቀን አወቃችሁ። ሁሉም ክፍል ሞቆ አንዱ መኝታ ቤት ብቻ ቢቀዘቅዝ፣ የዚያን ክፍል ራዲያተር ብቻ በትልቅ መቀየር ነው። አንድ ደካማ ክፍል የቤቱን ሁሉ ውሃ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ሲጎትት ማየት የተለመደ ነው።

ራዲያተር ላይ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ውሃው በ75 ገብቶ በ65 ሲወጣ የተለካ ነው። ውሃው በ55 ገብቶ በ45 ሲወጣ የሚሰጠው የዚያን ግማሽ ነው። በ45 ገብቶ በ40 ሲወጣ ደግሞ ሲሶውን ትንሽ የሚበልጥ። ስለዚህ ለክፍሉ 700 ዋት የሚያስፈልግ ከሆነ 2000 ዋት የተጻፈበት ራዲያተር ስትመለከቱ "በዛ" አትበሉ። ወለል ውስጥ የተቀበረ ቱቦ የተመሰገነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወለሉ ሁሉ ራዲያተር ስለሆነ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ውሃ ይበቃዋል።

ከተተከለ በኋላ

እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ገንዘብ የሚፈሰው። ማሽኑ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ለራሱ እንዲመቸው፣ ማለትም ደንበኛው "ቀዘቀዘኝ" ብሎ ደውሎ እንዳይጨቀጭቀው፣ የውሃውን ሙቀት 55 ላይ ቆልፎት ይሄዳል። እናንተም በሚቀጥለው ወር ቢል ሲመጣ ሂት ፓምፕን ትረግማላችሁ።

መቆጣጠሪያው ውስጥ የማሞቂያ መስመር የሚባል ማስተካከያ አለ። ውጭው ሲቀዘቅዝ የውሃውን ሙቀት ከፍ፣ ሲሞቅ ዝቅ የሚያደርግ ነው። እንዲህ አስተካክሉት። የራዲያተሮቹን ቴርሞስታት ሁሉ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። መስመሩን በ1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ቤት ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ቶሎም አይሞቅም፣ በየሰዓቱ መነካካት ውጤቱን ያደበላልቃል። ሞቅ ያለ ከሆነ እንደገና ዝቅ። ቤት ውስጥ ካሉት አንዱ "በረደኝ" ማለት ሲጀምር 1 ዲግሪ መልሱና እዚያው ተዉት። መስመሩ ትክክል ሲሆን ቤቱ ያለ ቴርሞስታት ጭምር የሚፈለገው ሙቀት ላይ ይቆያል።

ከቦይለር የመጣ አንድ ልማድ አለ፣ ማታ ማጥፋት፣ ጠዋት ማቀጣጠል። ሂት ፓምፕ ይህን አይወድም። ጠዋት የቀዘቀዘውን ቤት ቶሎ ለማሞቅ ውሃውን በጣም ማሞቅ ይኖርበታል፣ ያውም ውጭው እጅግ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት። ሌሊት 2 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ እንዲሠራ ተዉት።

ቀጥሎ የውሃ ፍሰት። ሂት ፓምፕ በሚሄደውና በሚመለሰው ውሃ መካከል 5 ዲግሪ አካባቢ ልዩነት ቢኖር ይመርጣል። ለዚህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት በደቂቃ 2.9 ሊትር ገደማ ውሃ መዞር አለበት፤ 8 ኪሎዋት ከሆነ 23 ሊትር። ቀጭን ቱቦና የተደፈነ ፊልተር ይህን ይገድሉታል። ፊልተሩን በዓመት አንዴ ፈትታችሁ እጠቡ። ሌላው ነገር፣ ብዙ ቦታ በመሃል የሚገባው የማጠራቀሚያ ታንከር ነው። የሞቀው ውሃ ከተመለሰው ቀዝቃዛ ጋር እዚያ ውስጥ ከተደባለቀ ማሽኑ 45 ዲግሪ እያመረተ ራዲያተሩ 40 ነው የሚያገኘው። ያቺ የጠፋች 5 ዲግሪ ከ10 በመቶ በላይ ኤሌክትሪክ ናት። ታንከሩ የግድ ካላስፈለገ ባይኖር ይሻላል ባይ ነኝ።

የመታጠቢያ ውሃ 50 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፤ ሊጂዮኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ለመከላከል በሳምንት አንዴ 60 ማድረስ የተለመደ ነው። ሰዓቱን ከሰዓት በኋላ፣ ውጭው ሞቅ በሚልበት ጊዜ አድርጉት።

ውጭ ያለውን የማሽኑን ሳጥን ደግሞ አየር አትከልክሉት። እንዳያስጠላ ተብሎ በእንጨት የተሸፈነ አይቻለሁ። ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ ይስባል፣ ማለትም ውጭው 5 ዲግሪ ሆኖ ሳለ እሱ ዜሮ ላይ ያለ ይመስለዋል። ክረምት ላይ አልፎ አልፎ ሳጥኑ ላይ የተጋገረውን በረዶ ለማቅለጥ ዑደቱን ገልብጦ ከቤቱ ሙቀት ይወስዳል፤ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ሲወጣ አትደንግጡ። ይህ በጣም የሚበዛው ከዜሮ እስከ 5 ዲግሪ ባለው እርጥብ አየር ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን በረዶውም ይቀንሳል።

ራሳችሁ ለኩት

የሚዞረውን ውሃ በደቂቃ ሊትር ውሰዱ፣ በሄደውና በተመለሰው ሙቀት ልዩነት አባዙት፣ በ0.07 አባዙት። የሚመጣው ኪሎዋት ነው። 20 ሊትር፣ 5 ዲግሪ ልዩነት፣ 7 ኪሎዋት። በዚያው ሰዓት ቆጣሪው 2 ኪሎዋት ካሳየ ሲኦፒ 3.5 ናችሁ። የአንድ ቅጽበት ቁጥር ግን ያታልላል፤ ትክክለኛው የዓመቱ ሙቀት ለዓመቱ ኤሌክትሪክ ተካፍሎ ነው።

ስትለኩ ድንገት ቁጥሩ ካሽቆለቆለ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መጠባበቂያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሁን። ማሽኑ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ተራ ሬዚስታንስ ነው፣ ሲኦፒው 1። ከሙቀቱ 10 በመቶውን እሱ ብቻ ቢሰጥ 3.5 የነበረው ጠቅላላ ሲኦፒ 2.8 ይሆናል። ሳታውቁት ክረምቱን ሙሉ ሲሠራ ሊከርም ይችላል።

ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ የጋዙን ስንት እጥፍ ነው? በቦይለሩ ብቃት አባዙት። 3 እጥፍ ከሆነና ቦይለሩ 90 በመቶ ከሆነ 2.7። ከዚያ በላይ ሲኦፒ ካገኛችሁ ታተርፋላችሁ፣ በታች ከሆነ ትከስራላችሁ። ለጭሱም ተመሳሳይ ስሌት ነው። ጋዝ ሲቃጠል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.2 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ከሆነ፣ 0.9 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ በሲኦፒ 3 ያለው ሂት ፓምፕ ከጥሩ ጋዝ ቦይለር የባሰ ይበክላል። ከውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከሆነ ግን ጋዝ ቦይለሩ ለውድድር እንኳ አይቀርብም።

ፋብሪካ ውስጥ

እዚህ ጉዳዩ ይጣፍጣል፣ ምክንያቱም ፋብሪካ ሙቀት እየገዛ ሙቀት ይጥላል። በአንድ በኩል ቦይለሩ ይነዳል፣ በሌላ በኩል ማቀዝቀዣው ግንብ ላይ እንፋሎት ይበተናል።

መጀመሪያ ሥራው በእርግጥ ስንት ዲግሪ ይፈልጋል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ እንፋሎት በ160 ዲግሪ ተሠርቶ ግቢውን ሁሉ ይዞራል፤ ከዚያ ዕቃ ለማጠብ 60፣ ወተት ፓስቸራይዝ ለማድረግ (ጀርሙን በሙቀት ለመግደል) 72፣ ለማድረቂያ 80 ሆኖ ይወጣል። 160 የተመረጠው ሥራው ስለፈለገው አይደለም፣ ቧንቧው ከድሮም ስለነበረ ነው። እያንዳንዱን ማሽን እየዞራችሁ የሚፈልገውን ሙቀት ጻፉ። ጎን ለጎን የሚጣለውን ጻፉ፦ የማቀዝቀዣ ኮንደንሰር (ሙቀቱን የሚተፋበት ክፍል) 30 ምናምን ዲግሪ፣ የአየር ኮምፕረሰር (የሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው)፣ የማድረቂያው እርጥብ አየር፣ የሚፈሰው ቆሻሻ ውሃ።

አሁን ወዲያው ሂት ፓምፕ አትግዙ። የሚጣለው ከሚፈለገው የሚሞቅ ከሆነ ሂት ኤክስቼንጀር (ሁለት ፈሳሾች ሳይደባለቁ ሙቀት የሚቀባበሉበት ዕቃ) ብቻ ይበቃል፣ ኤሌክትሪክም አይበላም። ሂት ፓምፕ የሚገባው ከዚያ ለተረፈው ነው። መሐንዲሶች ፒንች የሚሉት ነጥብ አለ፤ ከዚያ ነጥብ በላይ ፋብሪካው ሙቀት ያጥረዋል፣ ከዚያ በታች ይተርፈዋል። ሂት ፓምፑ ከታች ወስዶ ወደ ላይ ማሻገር አለበት። ሁለቱም እግሩ በአንድ በኩል ከቆመ ወይ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ነው፣ ወይ የተረፈን ሙቀት ማብዛት።

ከ30 ወደ 75 ዲግሪ ማንሳት በላይኛው ስሌት 348 ለ45፣ ጣሪያው 7.7፤ ግማሹን አግኙ፣ 3.9። አሪፍ ነው። ከዚህም የሚሻለው ቅዝቃዜውም ሙቀቱም የሚፈለግበት ቦታ ነው። 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በልቶ በአንድ በኩል 3 ኪሎዋት ቅዝቃዜ፣ በሌላ በኩል 4 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ማሽን ድምሩ 7 ነው። የወተት፣ የሥጋና የቢራ ፋብሪካ ሰዎች ይህን አንብበው ዝም ካሉ ይገርመኛል።

ውሃ እያፈላ የሚያተን ሥራ ካላችሁ፣ ጨው፣ ስኳር፣ የዱቄት ወተት፣ ጭማቂ ማወፈር፣ ሌላ ጋዝ እንኳ አያስፈልግም። ከድስቱ የወጣውን እንፋሎት ራሱን ኮምፕረስ አድርጎ መልሶ ያንኑ ድስት ማሞቂያ ማድረግ ነው። ልዩነቱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ሲኦፒው ከ10 ያልፋል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ፔተር ፎን ሪቲንገር የሚባል ኦስትሪያዊ በ1856 ኤበንዜ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ ጨው ሲያመርት የሞከረው ይህንኑ ነው። ሳይንቲስቱ ሎርድ ኬልቪን የሂት ፓምፕን ሐሳብ ካቀረበ ከ4 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ሥራውን መምሰል አለበት። አሞኒያ እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ የታወቀ የሥራ ፈረስ ነው፤ መርዛማነቱን ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀዝቃዛ ውሃን ከ10 ወደ 80 በአንድ ጊዜ ለማሞቅ ግሩም ነው፤ ተመላሹ ውሃ 45 ሆኖ ከመጣበት ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። የዴንማርኳ ኤስብየር ከተማ ከባሕር ውሃ ሙቀት ወስዳ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዋን ቦታ ለመሸፈን የተጠቀመችው ይህን ጋዝ ነው። ለቤት ደግሞ ፕሮፔን እየበዛ ነው። አር410ኤ የሚባለው የድሮው ጋዝ ካፈተለከ ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2088 እጥፍ ያሞቃል፣ የፕሮፔን ከ3 አይበልጥም። ፕሮፔን ተቀጣጣይ ነው፣ ከአየርም ይከብዳል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ከመስኮት ሥርና ከፍሳሽ ጉድጓድ አርቁት።

ከ160 ዲግሪ በላይ ለሚሄድ ነገር፣ ብረት ማቅለጥ፣ መስታወት፣ ሲሚንቶ፣ ሂት ፓምፕ አትጠይቁ። ከዚያ በታች ግን ሰፊ ሜዳ አለ። ውሃን ከ40 ወደ 80 ማሞቅ ካለባችሁ አንድ ትልቅ ማሽን ከማቆም ሁለት አነስ ያሉትን በተከታታይ አድርጉ። አንዱ ብቻውን ሲሆን ሥራውን ሁሉ በ80 ነው የሚሠራው። ሁለት ሲሆኑ የመጀመሪያው እስከ 60 ብቻ ይሸከማል፣ ሁለተኛው የቀረውን። የሚጣለው ሙቀትና የሚፈለገው ሙቀት ሰዓታቸው ካልገጠመ በመሃል ትልቅ የሙቅ ውሃ ታንከር ይግባ፤ ቤት ላይ ያማሁት ታንከር እዚህ ዳቦውን ያገኛል፣ ሙቁና ቀዝቃዛው ላይና ታች ሆነው እስካልተደባለቁ ድረስ። ማሽኑ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ቁጠሩ። ዓመት 8760 ሰዓት ነው፤ 7000 የሚሠራው በቶሎ ዋጋውን ይመልሳል፣ 1500 የሚሠራው ግን ቆሞ ወለድ ይቆጥራል።

ውል ስትፈርሙ፣ ቤትም ይሁን ፋብሪካ፣ የሻጩን ቁጥር በእናንተ ሙቀት አስጽፉት። "በኤ7/ደብሊው35 ስንት ነው" ሳይሆን "ውጭው ከዜሮ በታች 7 ሆኖ ውሃው 55 ሲሆን ስንት ኪሎዋት ይሰጣል፣ ስንት ይበላል" በሉት። ካመነታ ከላይ ያለውን ስሌት አውጡና አብራችሁ አስሉት። የሙቀት ቆጣሪ ደግሞ በዋጋው ውስጥ ይካተት፤ ከተተከለ በኋላ ቧንቧ ቆርጦ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው።